ባለቀለም የከበሩ ድንጋዮች ጥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሩቢ፣ ሳፋየር፣ ኤመራልድ፣ ስፒነል፣ ቱርማሊን፣ ኦፓል። ባለቀለም ድንጋይ ሊገዛ ያሰበ ወይም እጁ የገባውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሶቹ የሚነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው። ባለቀለም ድንጋይ የሚዳኘው ከፊት ሲታይ ለዓይን በሚሰጠው ቀለም ነው። ጥራቱም፣ አቆራረጡም፣ ክብደቱም የሚመዘኑት ያንን ቀለም ረዱት ወይስ ጎዱት ተብሎ ነው።

የአልማዝን አራት መመዘኛዎች አውቃለሁ። ለባለቀለም ድንጋይም ያው ናቸው?

ስሞቹ ያው ናቸው፤ ቀለም፣ የውስጥ ጥራት፣ አቆራረጥ፣ ካራት። ሚዛናቸው ግን ይለያል። ነጭ አልማዝ የሚወደደው ቀለም ባነሰው ቁጥር ነው። ባለቀለም ድንጋይ ላይ ግን የዋጋው ትልቁ ክፍል ቀለሙ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ጂአይኤ የተባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ያወጣውን፣ ከዲ እስከ ዜድ የሚሄድ የአልማዝ ቀለም መለኪያ በየትኛውም አገር ያለ ነጋዴ ያነበዋል። ለባለቀለም ድንጋይ ሁሉም የተስማማበት እንዲህ ያለ መለኪያ የለም። ስለዚህ ኤመራልድ የሚወዳደረው ከኤመራልድ ጋር ነው፣ ሳፋየርም ከሳፋየር ጋር። ኤመራልድን በአኳማሪን መለኪያ ካየነው አብዛኛው ኤመራልድ የቆሸሸ ይመስለናል።

ጥሩ ቀለም የሚባለው የቱ ነው?

ሦስት ነገሮችን ለያይታችሁ እዩ። አንደኛው የቀለሙ ዓይነት ነው። ሩቢው ንጹህ ቀይ ነው ወይስ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ብርቱካን ያደላል? ሳፋየሩ ሰማያዊ ብቻ ነው ወይስ አረንጓዴ ገብቶበታል? ሁለተኛው ጠቆር ወይም ነጣ ማለቱ ነው። ሦስተኛው ድምቀቱ ነው፤ ቀለሙ ግራጫ ወይም ቡናማ ሳይቀላቀልበት ምን ያህል ጠርቶ ይታያል?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲያምታታ ነው። በጣም የጠቆረ ድንጋይ "ቀለሙ ጠንካራ ነው" እየተባለ ይሸጣል። ጥቁረት ግን ድምቀት አይደለም። ሰማያዊ ሳፋየር ምርጥ የሚሆነው መካከለኛ ወይም ከመካከለኛ ትንሽ ጠቆር ሲል ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቀን ላይ ሰማያዊ፣ ማታ ላይ ጥቁር ይሆናል። ቢጫ ሳፋየር ደግሞ በተፈጥሮው ብሩህ ቀለም ስለሆነ ቢጠቁር ወደ ቡናማ ይሄዳል እንጂ አይሻሻልም። ለሁሉም ድንጋይ የሚሆን አንድ ትክክለኛ ጥቁረት የለም።

ድምቀትን የሚገድሉት ሁለት ናቸው። በሰማያዊና በአረንጓዴ ድንጋዮች ውስጥ የሚደበቀው ግራጫ ነው። በቀይ፣ በብርቱካንና በቢጫ ውስጥ የሚደበቀው ቡናማ ነው። ጀማሪ ዓይን እነዚህን ወዲያው አይለይም። ድንጋዩን ለብቻው እያያችሁ ከሆነ ጨርሶ ላታዩት ትችላላችሁ። ከሌላ ተመሳሳይ ድንጋይ አጠገብ ስታስቀምጡት ግን ይጋለጣል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ድንጋይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ የምለው። ዓይናችን ትናንት ያየውን ቀለም በማስታወስ ደካማ ነው፤ አጠገብ ለአጠገብ ሲያወዳድር ግን በጣም ጎበዝ ነው።

አንዳንድ ሩቢዎች ለምን ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚያበሩ ማወቅ ይጠቅማል። ሩቢን ቀይ የሚያደርገው ክሮሚየም ነው። ክሮሚየም ደግሞ ብርሃን ሲነካው ራሱ ቀይ ብርሃን መልሶ ይሰጣል። ብረት በብዛት ካለ ይህን ፍካት ያፍነዋል። ከማያንማር ሞጎክ የሚወጡ ሩቢዎች ስማቸው የገነነው በአብዛኛው ብረታቸው አነስተኛ ስለሆነና በቀን ብርሃን ከውስጥ የሚፈኩ ስለሚመስሉ ነው።

በየትኛው ብርሃን ልየው?

በአንድ ብርሃን ብቻ ያያችሁትን ድንጋይ አይቻለሁ አትበሉ። ይህ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጸጸት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የጌጣጌጥ መሸጫ መብራት የሚመረጠው ድንጋይ እንዲያምር ነው። ከላይ በቀጥታ የሚወርድ ትንሽ ጠንካራ አምፖል ማንኛውንም ድንጋይ ያንጸባርቃል። ቢጫማ መብራት ቀይና ብርቱካን ቀለሞችን ያሳምራል። ወደ ነጭና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መብራት ደግሞ ሳፋየርንና ኤመራልድን ያሳምራል። ነጋዴው ይህን ያደረገው ለማጭበርበር ነው ማለት አይደለም። እናንተ ግን ድንጋዩን የምታደርጉት እዚያ መብራት ሥር አይደለም።

ስለዚህ ድንጋዩን ይዛችሁ ወደ መስኮት ወይም ወደ ደጅ ውጡ። የሚፈለገው ቀጥታ ፀሐይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ያለ የቀን ብርሃን ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ጣታችሁ መሀል ያዙት። ቀጥሎ ቤት ውስጥ በሚበራ ተራ አምፖል እዩት። በመጨረሻ ብርሃን ደከም ያለበት ቦታ ላይ እዩት። ጥሩ ድንጋይ በሦስቱም ቦታ ሕይወት አለው። በየብርሃኑ ቀለሙ በጥቂቱ መለዋወጡ የተለመደ ነው። ታንዛናይት ቀን ሰማያዊ ሆኖ በአምፖል ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። የሚያሳስበው ቀለሙ ሲሞት፣ ሲጠቁር ወይም ግራጫ ሲሆን ነው።

አሌክሳንድራይት ላይ ግን መለወጡ ራሱ ጥራት ነው። በቀን ብርሃን አረንጓዴ፣ በአምፖል ወይም በሻማ ቀይ ይሆናል። ለውጡ የጎላ ሲሆንና ሁለቱም ቀለሞች ሲያምሩ ዋጋው ይንራል።

ስታዩ የለበሳችሁት ልብስም ይቆጠራል። ደማቅ ቀለም ያለው ሸሚዝ ድንጋዩ ውስጥ ይገባና ያሳስታል።

ቀይ ድንጋይ ሁሉ ሩቢ ነው?

አይደለም። ቀይ ስፒነል፣ ቀይ ጋርኔት፣ ቀይ ቱርማሊን አለ፤ ቀይ ብርጭቆም አለ። በእንግሊዝ ንጉሣዊ ዘውድ ፊት ለፊት ላይ ያለውና "የጥቁሩ ልዑል ሩቢ" የሚባለው ትልቅ ድንጋይ ስፒነል ነው። ለዘመናት ሩቢ ነው ተብሎ ኖሯል። ነገሥታትን ያሳሳተ ነገር እኛንም ማሳሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የድንጋዩ ማንነት በቀለም ብቻ አይወሰንም። ባለሙያ ብርሃን የሚያጥፍበትን መጠን በመሣሪያ ይለካል። የሩቢ 1.76 አካባቢ ነው፣ የስፒነል 1.72 አካባቢ። ሩቢ ብርሃንን ለሁለት ይከፍላል፣ ስፒነል አይከፍልም። ልኬቱ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ማንነቱ ሳይታወቅ ስለ ጥራቱ ማውራት ከንቱ ድካም ነው።

ውስጡ ነጠብጣብና ጭረት ይታየኛል። ጥራት የለውም ማለት ነው?

መጀመሪያ የምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ እንጠይቅ። ጂአይኤ ባለቀለም ድንጋዮችን በውስጥ ጥራት ረገድ በሦስት ምድብ ይከፍላል። የመጀመሪያው ምድብ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ብለው የሚወጡት ናቸው፤ አኳማሪን፣ ታንዛናይት፣ ሰማያዊ ቶፓዝ፣ አረንጓዴ ቱርማሊን። ሁለተኛው አንዳንድ ምልክት የማያጣቸው ናቸው፤ ሩቢ፣ ሳፋየር፣ ስፒነል፣ ጋርኔት፣ ፔሪዶት፣ አሜቲስት። ሦስተኛው ምልክት የሌለበት ጨርሶ ለማለት ይቻላል የማይገኙት ናቸው፤ ኤመራልድና ሩቤላይት የሚባለው ቀይ ቱርማሊን ዋናዎቹ ናቸው።

ስለዚህ አኳማሪን ውስጥ በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ካለ ተዉት። ጥርት ያለው ሞልቷል። ያው ስንጥቅ ኤመራልድ ውስጥ ቢታይ የተለመደ ነው። እንዲያውም ትልቅ፣ ደማቅና እንከን የለሽ ኤመራልድ በርካሽ ሲቀርብላችሁ መጠርጠር ያለባችሁ ያኔ ነው።

ከዚያ ምልክቱ የት እንዳለና ምን እንደሚያደርግ እዩ። ጠርዝ ላይ ያለ ነጭ ነጥብ ብዙም አይጎዳም። መሀል አናቱ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ዓይን ይስባል። ወደ ላይኛው ገጽ የወጣ ስንጥቅ ደግሞ ከውበትም አልፎ የጥንካሬ ጉዳይ ነው፤ አንድ ቀን ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ በዚያ መስመር ሊከፈል ይችላል። ሌላው ብርሃኑን የሚያደበዝዝ ደመና ነው። ድንጋዩ እንደ እንቅልፋም ከታያችሁ፣ ብርሃን ገብቶ ሳይመለስ ከቀረ፣ ቀለሙ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋው መውረድ አለበት።

መጀመሪያ በዓይናችሁ፣ ከእጅ እስከ ክርን ባለው ርቀት እዩ። ማጉያ መነጽር ቀጥሎ ይመጣል። በ10 እጥፍ ማጉያ ብቻ የሚታይ ነገር ባለቀለም ድንጋይ ላይ ብዙ ጊዜ ከባድ ጉድለት አይደለም።

ምልክት ዋጋ የሚጨምርበት ጊዜ አለ?

አለ። ዴማንቶይድ በሚባለው አረንጓዴ ጋርኔት ውስጥ የፈረስ ጭራ የሚመስሉ ቀጫጭን ክሮች ሲገኙ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። የካሽሚር ሳፋየር ያ ታዋቂ ከፋይ የመሰለ ለስላሳ ገጽታው የመጣው ውስጡ ካሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። ሳፋየር ላይ ባለ ስድስት ጨረር ኮከብ የሚፈጠረውም በሥርዓት በተደረደሩ መርፌ መሰል ማዕድናት ነው። ኮከብ ያለበትን ድንጋይ ስትመርጡ ኮከቡ መሀል ላይ መሆኑን፣ ጨረሮቹ ሳይቆራረጡ እስከ ታች መውረዳቸውንና ድንጋዩን ስታዘነብሉት አብረው መንሸራተታቸውን እዩ።

አቆራረጡ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ድንጋዩን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወዲህ ወዲያ አዘንብሉት። ሦስት ነገር ታያላችሁ። ቀለም ይዞ የሚያበራ ክፍል አለ። የጨለመ ክፍል አለ። አንዳንዴ ደግሞ መሀሉ ላይ ቀለሙ የገረጣና ከኋላ ያለው ነገር የሚታይበት ቀዳዳ የመሰለ ክፍል አለ። ነጋዴዎች ይህን መስኮት ይሉታል። ድንጋዩን የታተመ ጽሑፍ ላይ ስታስቀምጡት በመሀሉ ፊደል ማንበብ ከቻላችሁ መስኮት አለው።

መስኮት የሚመጣው ታችኛው ክፍል ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲቆረጥ ነው። ብርሃኑ ተመልሶ ወደ ዓይን መምጣት ሲገባው በታች ያመልጣል። ቆራጩ ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ጥሬው ድንጋይ ቀጭን ስለሆነና ክብደቱ እንዳይቀንስበት ስለሚሳሳ ነው። ተቃራኒውም አለ። ሆዱ የተንዠረገገ ድንጋይ ካራቱ ብዙ ነው፣ ከፊት ሲታይ ግን ትንሽ ነው፣ መሀሉም ይጨልማል። ከፊት የማይታይ ክብደት ከፍላችሁ ትገዛላችሁ ማለት ነው። ሁልጊዜ ድንጋዩን በጎን በኩልም እዩት።

ቀለሙ ወጥ መሆኑንም ተመልከቱ። ሳፋየርና አሜቲስት ውስጥ ቀለም በንብርብር ይቀመጣል። ጎበዝ ቆራጭ ደማቁን ክፍል ታችኛው ሾጣጣ ጫፍ ላይ ያሳርፈውና ከፊት ስታዩት ድንጋዩ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል። ከጎን ስታዩት ግማሹ ነጭ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። ፊት ለፊት ከታየ ግን ጉድለት ነው።

አንዳንድ ድንጋዮች በየአቅጣጫው የተለያየ ቀለም ያሳያሉ። ታንዛናይት በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ በሌላ በኩል ሐምራዊ ነው። አንዳንድ ቱርማሊኖች በርዝመታቸው በኩል ሲታዩ ጥቁር ይሆናሉ። ቆራጩ የትኛውን አቅጣጫ ወደ ፊት እንዳዞረው ዕጣውን ይወስናል። እውነቱን ለመናገር የጥሩ ቆራጭ ድካም በባለቀለም ድንጋይ ገበያ የሚገባውን ክብር አያገኝም። መካከለኛ ቀለም ያለው በደንብ የተቆረጠ ስፒነል፣ ቀለሙ የበለጠ ሆኖ መስኮት ካለው ሩቢ ይልቅ ጣት ላይ ያምራል።

ካራት መጠን ነው?

ክብደት ነው። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። ድንጋዮች እፍጋታቸው ስለሚለያይ እኩል ካራት ያላቸው ሁለት ድንጋዮች እኩል አይታዩም። የሩቢና የሳፋየር እፍጋት 4.0 ሲሆን የኤመራልድ 2.7 አካባቢ ነው። ስለዚህ የአንድ ካራት ኤመራልድ ከአንድ ካራት ሩቢ ጎላ ብሎ ይታያል። የምትፈልጉትን መጠን በሚሊሜትር አስቡት።

የአንድ ካራት ዋጋም እንደ ድንጋዩ ነው የሚያድገው። ጥሩ ሩቢ ሲተልቅ በጣም ብርቅ ስለሆነ ዋጋው በካራት ይዘላል። አኳማሪን በትልልቁ ስለሚገኝ እንደዚያ አይዘልም፤ እንዲያውም ደማቁ አኳማሪን የሚገኘው ብዙ ጊዜ በትልልቁ ነው።

ለዕለት ተዕለት ቀለበት የትኛው ይችላል?

ሞስ በሚባለው ከ1 እስከ 10 በሚሄድ የጥንካሬ መለኪያ ሩቢና ሳፋየር 9 ናቸው፣ ስፒነልና ቶፓዝ 8፣ ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8፣ አሜቲስት 7፣ ታንዛናይት ከ6 እስከ 7፣ ኦፓል ከ5 እስከ 6.5። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ከዚያ በታች ያለ ድንጋይ በየቀኑ ሲጠረግ ቀስ በቀስ ይጫራል።

ይህ መለኪያ ግን የሚናገረው ስለ መጫር ብቻ ነው። አለመሰበር ሌላ ነው። ቶፓዝ 8 ሆኖ ሳለ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ጄድ ከ7 በታች ሊሆን ይችላል፣ ለመስበር ግን ከሁሉም አስቸጋሪው እሱ ነው። በየቀኑ እጃችሁ ላይ የሚውል ከሆነ ሳፋየር፣ ሩቢ ወይም ስፒነል ምረጡ። ታንዛናይትና ኦፓል ለጉትቻና ለሐብል ይመቻሉ።

ድንጋዩ "ተሻሽሏል" ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነው?

ከመሬት ከወጣ በኋላ ቀለሙን ወይም ጥራቱን ለማሳመር የሰው እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሁሉም ማሻሻያ ግን እኩል አይደለም፤ ልዩነቱን ማወቅ ከምንም በላይ ገንዘባችሁን ያድናል።

ሙቀት ቀላሉና በስፋት ተቀባይነት ያለው ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሩቢና ሳፋየር በከፍተኛ ሙቀት አልፏል። ታንዛናይት ጨርሶ ለማለት ይቻላል በሙሉ ይሞቃል፤ ሲወጣ ብዙው ቡናማ ነው። ገበያ ላይ ያለው ሲትሪን አብዛኛው የሞቀ አሜቲስት ነው። ሰማያዊ ቶፓዝ በጨረር ከተመታ በኋላ ሞቆ የተገኘ ነው። እነዚህ ቀለሞች አይለቁም። ቅር የሚያሰኝ ነገር የላቸውም፤ ሻጩ ብቻ ይንገራችሁ፣ ዋጋውም ያንን ያንጸባርቅ።

ኤመራልድ ዘይት ይጠጣል። ስንጥቆቹ ውስጥ የሴዳር ዘይት ወይም ሙጫ ሲገባ ስንጥቁ ከዓይን ይሰወራል። እዚህ ላይ ጥያቄው "ዘይት አለው ወይ?" አይደለም፤ ብዙው አለው። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው። ላብራቶሪዎች ጥቂት፣ መካከለኛ፣ ብዙ እያሉ ይጽፋሉ። ዘይት በጊዜና በሙቀት ይደርቃል። ስለዚህ ኤመራልድን በአልትራሳውንድ ማጽጃ ወይም በእንፋሎት አታጽዱ፤ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

በጣም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በእርሳስ ብርጭቆ የተሞላ ሩቢ ነው። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በብዛት ገበያ ገብቷል። የተሰነጣጠቀና ዋጋ የሌለው ጥሬ ይወሰድና ስንጥቆቹ በእርሳስ ብርጭቆ ይሞላሉ። ሲወጣ ትልቅ፣ ቀይና ጥርት ያለ ይመስላል። ነገር ግን የወርቅ ሠሪ እሳት ያበላሸዋል፣ የሎሚ ጭማቂ ሳይቀር ብርጭቆውን ይበላዋል። በማጉያ እያዘነበላችሁ ስታዩት ስንጥቆቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያል፣ የተጨፈለቁ የአየር አረፋዎችም ይኖራሉ። ይህን ድንጋይ በሩቢ ዋጋ የሸጠላችሁ ሰው አታሏችኋል፤ ለስለስ አድርጎ መናገር አያስፈልግም።

ሌላው ቀለም ከውጭ የሚገባበት ነው። ሳፋየር ከቲታኒየም ጋር ሲሞቅ ሰማያዊው ላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ይቀራል። ድንጋዩ እንደገና ቢሞረድ ቀለሙ ይሄዳል። በቤሪሊየም የሚደረገው ደግሞ ጠልቆ ስለሚገባ በዓይን አይለይም፣ ላብራቶሪ ይፈልጋል።

ያልተነካ ድንጋይ ሁልጊዜ ይሻላል?

ይበልጥ ብርቅ ነው። ይበልጥ ያምራል ማለት ግን አይደለም። ቀለሙ የደበዘዘ ያልሞቀ ሳፋየር፣ "ያልሞቀ" የሚለው ቃል ብቻ ውድ አያደርገውም። ያልተነካ ነገር ለሚወድና በጀቱ መጠነኛ ለሆነ ሰው ጋርኔት፣ ፔሪዶትና ስፒነል ጥሩ መንገድ ናቸው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ እንደወጡ ተቆርጠው ነው የሚሸጡት።

ላብራቶሪ የተሠራ ድንጋይ ሐሰተኛ ነው?

ሁለት ነገር እንለይ። ሰው ሠራሽ ሩቢ ሩቢ ነው፤ ኬሚካሉም ጥንካሬውም ከመሬት ከሚወጣው ጋር አንድ ነው። ቀይ ብርጭቆ ግን ሩቢ ሳይሆን ሩቢ መሳይ ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቨርነይ ዱቄትን በእሳት ነበልባል አቅልጦ ሩቢ የሚያሳድግበትን ዘዴ በ1902 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ "የአያቴ ቀለበት ነው፣ የድሮ ነው" ማለት ብቻውን ተፈጥሯዊነትን አያረጋግጥም።

በዚህ ዘዴ የተሠራው በማጉያ ሲታይ የዕድገት መስመሮቹ የተጠማዘዙ ናቸው። የተፈጥሮው መስመር ቀጥ ያለና ማዕዘን የሚሠራ ነው። ጥራቱን በተመለከተ ሰው ሠራሹ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ብርቅ ስላልሆነ ግን ዋጋው ዝቅተኛ ነው። እያወቁ መግዛት ምንም ነውር የለውም።

ቤት ውስጥ በራሴ መሞከር የምችለው ነገር አለ?

አለ፤ 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ግዙና ልመዱት። ማጉያውን ዓይናችሁ ላይ አስጠግታችሁ ድንጋዩን ወደ እሱ አምጡት። ክብ የአየር አረፋ ካያችሁ ብርጭቆ ወይም ሰው ሠራሽ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የገጾቹ መጋጠሚያ ጠርዞች ከተዶለዶሙ ወይም ከተበሉ ለስላሳ ቁስ ነው። ፔሪዶትና ዚርኮን ውስጥ አሻግራችሁ የኋላውን ጠርዞች ስታዩ መስመሮቹ ድርብ ሆነው ይታያሉ፤ ጥሩ መለያ ነው።

የማይደረገውም አለ። ድንጋይን በሌላ ድንጋይ አትጫሩ፣ በእሳት አትሞክሩ፣ በትኩስ መርፌ አትንኩ። ኤመራልድን በአንድ ሙከራ ልታበላሹት ትችላላችሁ፣ የምታገኙት መልስም አስተማማኝ አይደለም።

ኦፓልም በዚሁ ሚዛን ይዳኛል?

በከፊል ብቻ። ኦፓል የሚወደደው ሲንቀሳቀስ ለሚጫወተው የቀለም ብልጭታ ነው። ብልጭታው የሚመጣው እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃንን ስለሚበትኑ ነው። ሉሎቹ ተለቅ ሲሉ ቀይ ይታያል፣ ሲያንሱ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ። ቀይ የሚያሳይ ኦፓል ሌሎቹንም ቀለሞች ማሳየት ስለሚችል ይበልጥ ይፈለጋል።

መጀመሪያ የብልጭታውን ድምቀት እዩ። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ደብዛዛ ብርሃን ውስጥም የሚበራ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀጥሎ የቀለሙን ስፋት፤ ድንጋዩን ስታዞሩት ሞቶ የሚቀር ክፍል አለው? ከዚያ ቅርጹን፤ ሰፋፊ ጥለት ከጥቃቅን ነጠብጣብ ይበልጥ ብርቅ ነው። የመደቡ ቀለምም ይቆጠራል። የአውስትራሊያ ላይትኒንግ ሪጅ ጥቁር ኦፓል ስመ ጥር የሆነው ጥቁር መደብ ብልጭታውን ስለሚያጎላ ነው።

የወሎ ኦፓል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙው ውሃ ይጠጣል። ሲነከር ብርሃን አሳላፊ ይሆንና ብልጭታው ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ኦፓል አይታችሁ አትግዙ፤ ደርቆ እዩት። ሽቶና ዘይት ስለሚመጥም ከእነዚህ አርቁት። ወሎን ጨምሮ ቀዳዳማ ኦፓሎች በጭስ ሊጠቁሩ ይችላሉ። ጥቁር መደብ ሲቀርብላችሁ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ በጭስ የጠቆረ ብላችሁ ጠይቁ።

ስስ ኦፓል ጥቁር ነገር ላይ ተለጥፎም ይሸጣል። በጎን ስታዩት ቀጥ ያለ የማጣበቂያ መስመር ካለ ድርብ ነው።

የመጣበት አገር ጥራቱን ይነግረኛል?

ዋጋውን ይነግራችኋል፣ ጥራቱን ግን አይነግራችሁም። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገኘው የካሽሚር ሳፋየር ምርጡ ክምችት በጥቂት ዓመታት ስላለቀ ዛሬ በጨረታ ላይ ይሻሙበታል። የኮሎምቢያ ኤመራልድና የማያንማር ሩቢም እንዲሁ ስም አላቸው። ነገር ግን ከእነዚህ ቦታዎችም ደካማ ድንጋይ በገፍ ይወጣል። የሞዛምቢክ ሩቢ፣ የማዳጋስካር ሳፋየር፣ የዛምቢያ ኤመራልድ ከስመ ጥሮቹ ጋር የሚተካከሉ ድንጋዮችን ይሰጣሉ። እኔ ብሆን አገሩ ያልተጻፈበትን ሕያው ድንጋይ፣ ትልቅ ስም ካለው ደብዛዛ ድንጋይ በፊት አነሳለሁ።

"የርግብ ደም"፣ "ሮያል ብሉ"፣ "ኤኤኤ" የሚሉትስ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የቆዩ የንግድ ስሞች ናቸው። አንዳንድ ላብራቶሪዎች የራሳቸውን መስፈርት አውጥተው ይጽፏቸዋል፤ መስፈርቱ ግን ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያል። "ኤኤኤ" ደግሞ ሻጩ ራሱ የሰጠው ደረጃ ነው። የአንዱ ሻጭ "ኤኤኤ" የሌላው "ኤ" ሊሆን ይችላል። ከቁም ነገር አትቁጠሩት።

የላብራቶሪ ወረቀት ካለው በቃ መግዛት እችላለሁ?

ወረቀቱ ድንጋዩ ምን እንደሆነ፣ ተፈጥሯዊ ይሁን ሰው ሠራሽ፣ ምን እንደተደረገበት ይነግራችኋል። ከየት እንደመጣም ሊጽፍ ይችላል፤ ይህኛው ግን የባለሙያ አስተያየት ነው፣ ላብራቶሪዎችም አንዳንዴ አይስማሙበትም። ማማሩን ግን አይነግራችሁም። የታወቁት ጂአይኤ፣ የስዊዘርላንዶቹ ጉቤሊንና ኤስኤስኢኤፍ ናቸው። ሻጩ ራሱ ያተመውን ካርድ እንደ ላብራቶሪ ወረቀት አትቁጠሩ። በወረቀቱ ላይ ያለውን ክብደትና ልኬት እጃችሁ ካለው ድንጋይ ጋር አስተያዩ፣ ቁጥሩንም በላብራቶሪው ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ገንዘቤ ለሁሉም ካልበቃ የቱን ልተው?

መጠኑን። ትንሽ ግን ደማቅ ድንጋይ ሁልጊዜ ከትልቅ ደብዛዛ ይሻላል። ቀጥሎ የምትተዉት የውስጥ ጥራትን ነው፤ ብርሃኑን እስካልከለከለና ድንጋዩን ለመሰንጠቅ እስካላጋለጠ ድረስ። አሁንም ካልደረሳችሁ የድንጋዩን ዓይነት ለውጡ። የሩቢ ዋጋ ከከበዳችሁ ጥሩ ቀይ ስፒነል ወይም ጋርኔት እዩ። ቀለሙንና አቆራረጡን ግን አትልቀቁ።

በፎቶ ብቻ አይቼ ልግዛ?

ካሜራ አረንጓዴንና ሐምራዊን በትክክል መያዝ ይቸግረዋል፤ ኤመራልድና ታንዛናይት በፎቶ ላይ ሌላ ይሆናሉ። የሚሻለው በጣት ተይዞ፣ በጥላ ውስጥ የቀን ብርሃን የተቀረጸ ያልተነካካ ቪዲዮ ነው። ሲዘነበል መስኮቱንና ጨለማውን ያሳያችኋል። የመመለስ መብት በጽሑፍ ከሌለ አትክፈሉ።

ድንጋዩ ቀለበት ላይ ከተሰካ ምን ሊደበቅብኝ ይችላል?

ብዙ ነገር። ቢጫ ወርቅ ፈዛዛ ድንጋይን ሞቅ ያለ ያስመስለዋል። ጀርባው የተዘጋ ማቀፊያ ሥር ባለቀለም ወረቀት ወይም ብረት ተነጥፎ ሊሆን ይችላል፤ በድሮ ጌጣጌጥ ላይ ይህ የተለመደ አሠራር ነበር። ወርቁ የያዘው ጠርዝ ላይ የተሰበረ ጥግ ሊኖር ይችላል። ክብደቱም ግምት ብቻ ነው። ጀርባው ክፍት የሆነውን ምረጡ፣ ከኋላም ብርሃን አሳልፋችሁ እዩ። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ድንጋዩ ተነቅሎ እንዲመዘንና እንዲመረመር ጠይቁ፤ ሻጩ እሺ ካላለ ዋጋውን በተደበቀው ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ተደራደሩ፣ ወይም ተዉት።